ፊት ባለቤት አለው

በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ፣ ኤክሰተር ከተማ፣ ሮያል አልበርት ሜሞሪያል የሚባለው ሙዚየም የአንድ ጥቁር ወጣት የዘይት ቀለም ምስል አለው። ወጣቱ ቀይ ኮት ለብሷል፤ አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ አስሯል። ከበስተጀርባው ጨለም ካለ ቀለም በቀር ምንም የለም። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሥዕል ውስጥ ጥቁር ሰው የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በጌታው ወይም በእመቤቱ ጥግ ቆሞ፣ የፍራፍሬ ሳሕን ወይም የፈረስ ልጓም ይዞ ነው። እዚህ ግን ሳሕንም ጌታም የለም። ሠዓሊው ይህን ሰው ለራሱ ሲል፣ ብቻውን ሥሎታል።

ይህን ፊት እጅግ ብዙ አንባቢ ያውቀዋል። ስሙንም የሚያውቅ ይመስለዋል፦ ኦላውዳህ ኢክዊያኖ። ከባርነት ገንዘብ ከፍሎ ነፃ የወጣው፣ በ1789 የሕይወት ታሪኩን በለንደን ያሳተመው፣ የባሪያ ንግድን በብዕሩ የታገለው ሰው። (ዓመታቱ በግልጽ ካልተጻፈ በስተቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ምስሉ በመጽሐፍ ሽፋን፣ በትምህርት ቤት ፖስተር፣ በጥቁር ሕዝብ ታሪክ ጽሑፎች ላይ በኢክዊያኖ ስም ሲዞር ኖሯል፤ ዛሬም ይዞራል።

ሰውየው ግን ኢክዊያኖ አይደለም ማለት ይቻላል። የአለባበሱ ዓይነት የሥዕሉን ጊዜ ወደ 1757 እና 1760 መካከል ያደርሰዋል። ኢክዊያኖ በራሱ አቆጣጠር የተወለደው በ1745 ገደማ ነው። ስለዚህ ያኔ ከ12 እስከ 15 ዓመት ያለው ልጅ ነበር፤ በባሕር ኃይል መኮንን ባለቤትነት ሥር፣ በጦር መርከብ ላይ። ነፃነቱን የገዛው በ1766 ነው። በሥዕሉ ላይ ያለው ግን የበሰለ ወጣት ነው፤ ልብሱም የጨዋ ሰው ልብስ። የሠዓሊው ስምም እንዲሁ ተንከራቷል። መጀመሪያ የጆሹዋ ሬይኖልድስ ሥራ ነው ይባል ነበር፤ አሁን ብዙዎቹ ባለሙያዎች የሚያዘነብሉት በ1713 በኤድንብራ ወደተወለደው፣ የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ወደነበረው ወደ አለን ራምዚ ነው። ሙዚየሙም ዛሬ ምስሉን የሚጠራው «የአንድ አፍሪካዊ ምስል» ብሎ ነው።

ይህን ታሪክ አርባ ምንጭ ላይ ላነሳሁላቸው ሰዎች ሁሉ መልሳቸው ተመሳሳይ ነው፤ የተማረውም ያልተማረውም አንድ ነገር ይላል። «ታዲያ ምን ችግር አለው? ጥቁር ነው፤ የተከበረ ሰው ነው፤ ለኢክዊያኖ ቢሰጠው ማን ተጎዳ? ዋናው የሚወክለው ነገር ነው።» ከዚህ አስተሳሰብ ጋር ነው ጠቤ። በውጭ አገር ብቻ ያለ አስተሳሰብ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስጨነቀኝ ነበር። እዚሁ ጋሞ ዞን ውስጥ፣ በገዛ ሰዎቻችን ፊት ላይ በየቀኑ እየሠራንበት ስለሆነ ነው ዝም ማለት ያልቻልኩት።

ማን ተጎዳ ለሚለው ጥያቄ መልስ አለኝ። መጀመሪያ የተጎዳው ኢክዊያኖ ራሱ ነው። ኢክዊያኖ ፊቱን ለትውልድ ሳይተው የሞተ ሰው አልነበረም። መጽሐፉን ሲያሳትም መግቢያው ላይ የራሱን ምስል አስቀረጸ፤ ዊልያም ደንተን ሣለው፣ ዳንኤል ኦርም በመዳብ ቀረጸው። በእጁ የሐዋርያት ሥራ ላይ የተገለጠ መጽሐፍ ቅዱስ ይዟል፤ ከሥሩ ስሙ ተጽፏል። እንደ ዕቃ የተሸጠና ባለቤቶቹ ስሙን እንደፈለጉ የቀያየሩበት ሰው «እኔ ይህ ነኝ» ብሎ በገዛ ፈቃዱ፣ በገዛ መጽሐፉ ያቀረበው ፊት ነው። እኛ ግን ያንን ወደ ጎን ትተን፣ የቤተ መንግሥት ሠዓሊ የሣለው የማያውቀው ሰው ፊት ስላማረ ብቻ አለበስነው። ምርጫውን ነጠቅነው፤ ያከበርነው እየመሰለንም ደስ አለን።

ሁለተኛው ተጎጂ ባለ ቀይ ኮቱ ወጣት ነው። የኢክዊያኖ ስም እላዩ ላይ እስካለ ድረስ ማንም ስለ እሱ አይጠይቅም፤ ጥያቄው ተዘግቷላ። ስሙ ሲነሳለት ነው ፍለጋው የተጀመረው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ኢግናሽየስ ሳንቾ ሊሆን ይችላል ብለዋል፤ ሳንቾ የሞንታጉ መስፍን ቤተሰብ አገልጋይ ነበር፣ ራምዚም ለዚያ ቤተሰብ ይሥል ነበር። ዕድሜውም ይገጥማል። ነገር ግን የሳንቾ ፊት ለማነጻጸሪያ አለ፤ ቶማስ ጌንስቦሮ በ1768 ባዝ ከተማ ላይ በአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ውስጥ ሣለው የሚባለው ምስል ዛሬ በካናዳ ብሔራዊ ጋለሪ አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው «አንድ ሰው ናቸው» ያሉ አሉ፤ «አይደሉም» ያሉም አሉ። ስለዚህ ሳንቾ ብሎ መደምደምም ያው ጥፋት በሌላ ስም ነው። ሁለት ስመ ጥር ጥቁሮች ብቻ ስለምናውቅ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን የነበረ እያንዳንዱ ጥቁር ፊት ከሁለቱ የአንዱ መሆን አለበት ብለን እናስባለን። ለንደን ግን በዚያ ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁር ነዋሪዎች ነበሯት። ከነሱ አንዱ፣ እኛ ሰምተነው የማናውቅ፣ ራምዚ ፊት ተቀምጦ መሣሉን ማመን ለምን ከበደን?

«ነጮቹ የኢክዊያኖን ስም ከምስሉ ላይ ያነሱት እኛን ለማሳነስ ነው» የሚል ክርክርም ይሰማል። ሰዎች ይህን ሲሉ ከየት እንደመጣባቸው ይገባኛል፤ በሙዚየሞች የተሠራብን ብዙ ነው። እዚህ ላይ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ለስሙ የታገለውን ኢክዊያኖን በሌላ ሰው ፊት የሸፈነው ስሕተቱ ነው፤ እርማቱ የራሱን ፊት መልሶ ሰጥቶታል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ከዚህ ንጹሕ ነን የሚል ካለ አዲስ አበባ ሳር ቤት፣ ፑሽኪን አደባባይ ሄዶ ቆም ይበል። የሩሲያው ባለቅኔ ቅድመ አያት አብራም ጋኒባል «የኛ ሰው» መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ እንደ ፀሐይ መውጣት ተነግሮናል። ጋኒባል በልጅነቱ ከአፍሪካ ወደ ቁስጥንጥንያ፣ ከዚያም ወደ ታላቁ ጴጥሮስ ተወስዶ፣ ጄኔራል ሆኖ በ1781 የሞተ ሰው ነው። የትውልድ ቦታውን ወደ መረብ ማዶ ያመጣው በ1899 የጻፈው ሩሲያዊው አኑቺን ነው። በ1996 ደግሞ የቤኒኑ ተመራማሪ ዲዩዶኔ ኛማንኩ ቦታው በዛሬዋ ካሜሩን ሰሜን የምትገኘው ሎጎን ብርኒ ናት ብሎ ማስረጃውን ዘርዝሮ አቀረበ፤ ብዙ ምሁራንም ተቀብለውታል። ስንቶቻችን ይህን ክርክር አንብበን ነው የምንሟገተው? ከዚያም አልፎ በጋኒባል ስም ሲታተም የኖረ አንድ የመኮንን ምስል አለ፤ ተመራማሪዎች ምናልባት የሜለር ዛኮሜልስኪ የሚባል ሌላ ጄኔራል ነው ይላሉ። ስም ፈላጊ ፊትና ፊት ፈላጊ ስም ሲገናኙ ማስረጃ ሳይጠየቅ ጋብቻው ይፈጸማል።

የዚህ ሁሉ ሥር አንድ ነው፦ የአፍሪካዊ ፊት የአንድ ሰው ሳይሆን የሕዝብ ነው የሚለው እምነት። ፊቱ የሕዝብ ከሆነ ስሙ አያስፈልግም፤ አስፈላጊ ከመሰለንም ደስ ያለንን ስም እንለጥፍበታለን። ሐሰተኛ ስም መስጠትና ስም መንፈግ ከአንድ ማሕፀን የወጡ ናቸው። የመጀመሪያውን ኤክሰተር ላይ አየን። ሁለተኛውን ለማየት ከአርባ ምንጭ መውጣት አያስፈልግም።

ሲቀላም ሆነ ሴቻ፣ የከተማችን ሆቴሎች እንግዳ መቀበያ ውስጥ ምን እንደተሰቀለ ልብ በሉ። የአባያና የጫሞ ሐይቆች፣ የነጭ ሳር የሜዳ አህዮች፣ ዝሆን የሚመስለው የዶርዜ ቤት፣ ከዚያ አንድ ሽማግሌ። ጥሩ ፎቶ ነው፤ የፊቱ መጨማደድ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የዱንጉዛ ልብሱ ቀይና ቢጫ ይፈካል። ሥር ላይ «የዶርዜ አዛውንት» ይላል፤ ወይም ምንም አይልም። ሐይቁ ስም አለው፣ ፓርኩ ስም አለው፣ አንዳንዴ ከጥግ በኩል የፎቶግራፍ አንሺው ስምና ስልክ አለ። ስም የሌለው ሰውየው ብቻ ነው። እሳቸው ግን ራምዚ እንደሣለው ወጣት ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት በፊት የኖሩ አይደሉም። ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ አንድ መንደር ውስጥ ቤት አላቸው፣ ልጆች አሏቸው፤ ጎረቤት ቢጠየቅ እስከ አያታቸው ይቆጥርላቸዋል። ስማቸው ስላልተገኘ አይደለም የቀረው። ማንም ስላልጠየቀ ነው።

የምናውቀውን ትልቁን ፎቶ ላንሳ። መስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ፣ ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ ብዙዎቹ በሸማ ሥራ የሚተዳደሩ ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ለበቀል ወጣ። ሽማግሌዎቹ ቀድመው መንገዱ ላይ ደረሱ። ርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው ከወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሳር ይዞ የተንበረከከን አባት ተሻግሮ መሄድ አይቻልም፤ ወጣቱም አልተሻገረም። በዚያ ቀን አርባ ምንጭ ውስጥ በሌላው ብሔር ተወላጅ ላይ ሊደርስ የነበረው ሳይደርስ ቀረ። ፎቶው አገሩን አዳረሰ። እኔ እስከ ዛሬ ሳየው ጉልበታቸውን ነው የማየው፦ ዕድሜ የጠገበ ጉልበት ጠንካራ መሬት ላይ፣ ከፊት የተቆጣ ጎረምሳ እግር።

መግለጫው ምን ነበር? «የጋሞ አባቶች»። በጋዜጣ፣ በቴሌቪዥን፣ በመድረክ ንግግር፣ በስብሰባ ግድግዳ ላይ፣ ሁሉም ቦታ «የጋሞ አባቶች»። እያንዳንዳቸው የተንበረከኩት ግን በየራሳቸው ጉልበት ነው። ያ ሕዝብ ቢረግጣቸው የሚሰበረው የእያንዳንዳቸው አጥንት ነበር። አንዱ ቤቱ መቅረት ይችል ነበር፤ አልቀረም። ይህን ውሳኔ «ባህሉ ነው» ብሎ ለሕዝብ በጅምላ ማስረከብ ድፍረታቸውን ከእጃቸው መውሰድ ነው። ባህል ሳሩን ያቀብላል እንጂ አይንበረከክም።

እዚህ ላይ የሚነሳብኝ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ከራሳቸው ከጋሞ ሰዎችም የሚነሳ ነው። «እነሱ ለስም ብለው አላደረጉትም። በሸንጎው፣ በዱቡሻ ላይ የሚወሰነው በጋራ ነው፤ ግለሰብን ነጥሎ ማንገሥ የከተማና የፈረንጅ ነገር ነው፤ ሥርዓቱን ታፈርሳለህ» ይላሉ። ይህን ተቃውሞ አከብራለሁ፤ ግን የዱቡሻን አሠራር የሚገልጽ አይመስለኝም። ዱቡሻ ላይ ማን እንደመረቀ፣ ማን ቀድሞ እንደተናገረ፣ ማን እንደተቃወመ ሕዝቡ ያውቃል። ሃላቃ የሚባለው ሹም ሲሾም ስም የሌለው «አንድ ሃላቃ» አይሾምም፤ የእገሌ ልጅ እገሌ ተብሎ፣ ደግሶ፣ በሕዝብ ፊት ታይቶ ነው። ካዎ የሚባሉት ነገሥታትም ትውልድ ይቆጠርላቸዋል። የጋራ ውሳኔ ስም አልባ ውሳኔ አይደለም። ስም አልባ የሚሆነው ከደጋው ወርዶ ካሜራ ውስጥ ሲገባ ነው። ስለዚህ ስም መጠየቁ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም፤ ከውጭ የመጣው «የዶርዜ አዛውንት» የሚለው መግለጫ ነው።

የሰሜኑን ልማድ ለሚያውቅ አንባቢም ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ራምዚ በለንደን በሚሥልበት በዚያው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴን ሲያሠሩ ራሳቸውን ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው አስሥለዋል። በብራና መጻሕፍትም ላይ ያሣለው ሰው ስሙ እንዲጻፍለት ይፈልግ ነበር፤ በጸሎት የሚታሰበው በስሙ ነውና። ትሕትናውና ስሙ አልተጣሉም።

ስም በጠፋበት ቦታ ምን ይደረግ ለሚለውም ጋሞ ራሱ የተሻለ ምሳሌ አለው። በጋሞ ደጋ ሞታ ከሚባለው ዋሻ በ2012 የተቆፈረ የአንድ ወንድ አፅም አለ፤ ዕድሜው ወደ 4,500 ዓመት። በ2015 ሳይንስ መጽሔት ላይ የታተመው ጥናት ከአፍሪካ ጥንታዊ አፅም የተነበበውን የመጀመሪያ ሙሉ የዘር መዝገብ ያገኘው ከእሱ ነው። አጥኚዎቹ ባይራ አሉት። ስሙን የሰጡት እነሱ መሆናቸውን ግን አልደበቁም፤ ንጉሥ ነበር፣ ጀግና ነበር አላሉም። ቡናማ ዓይን እንደነበረውና ደሙ ለደጋ አየር የተስማማ እንደነበር ነገሩን፤ በቃ። ከዚህም በላይ የማከብርላቸው ሌላ ነገር አለ። ጥናቱ ከዩራሲያ የተመለሰ ሕዝብ ዘር መላውን አፍሪካ አዳርሷል ብሎ ነበር፤ በስሌት ሂደቱ ላይ ስሕተት እንዳለ ሲታወቅ በ2016 መጀመሪያ ላይ በዚያው መጽሔት እርማት አወጡ። ከ4,500 ዓመት በፊት ለሞተ ሰው ይህ ጥንቃቄ ከተደረገ፣ ትናንት በመንገዳችን ላይ ለተንበረከኩ አባት ምን ያህል ይገባል?

«አሁን ማን ፈልጎ ያገኘዋል?» የሚለው ምክንያትም አያዋጣም። በስኮትላንድ ስኮን ቤተ መንግሥት አንድ ሥዕል አለ፤ ሁለት ወጣት ሴቶች፣ አንዷ ነጭ አንዷ ጥቁር። ጥቁሯ ላባ ያለው ጥምጥም አድርጋለች፣ ፍራፍሬ ይዛለች፣ ጣቷን ወደ ጉንጯ ቀስራ ትስቃለች። ለረጅም ጊዜ በቤተሰቡ መዝገብ የነጯ ብቻ ስም ተጽፎ ጥቁሯ «አገልጋይ» ተብላ ኖረች። ኋላ ሰነድ ሲገለጥ የዋና ዳኛው የሎርድ ማንስፊልድ ዘመድ፣ እዚያው ቤት ያደገችው ዲዶ ኤሊዛቤት ቤል ሆና ተገኘች። የአባቷ እኅት የአለን ራምዚ ሚስት ነበረች። ሥዕሉም ዞፋኒ የሚባል ሠዓሊ ሥራ ነው ሲባል ኖሮ በ2018 የራምዚ ደቀ መዝሙር የዴቪድ ማርቲን መሆኑ ተገለጸ። ስሟ የተገኘው በግምት አይደለም፤ ወረቀት ተገልጦ፣ ቀን ተነጻጽሮ ነው። «አገልጋይ» የሚለው ቃል ሁለት መቶ ዓመት ያህል የዘጋውን በር ጥያቄ ከፈተው።

የእኛም ወረቀት አለ። በፍራንክፈርት የሚገኘው የፍሮቤኒየስ ተቋም በ1930ዎቹና በ1950ዎቹ ተመራማሪዎችንና ሠዓሊዎችን ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር፤ ከነሱ አንዱ ሄልሙት ሽትራውበ ዶርዜን ጨምሮ ስለ ጋሞ ደጋ ሕዝቦች በ1963 መጽሐፍ አሳትሟል። የፎቶና የሥዕል ክምችታቸው በኢንተርኔት ይታያል። በዚያ ዘመን ልማድ ከምስሉ ሥር የሚጻፈው የሕዝቡ ስም ነበር፤ «ይህ አያቴ ነው» ሊል የሚችል ሰው ግን ዛሬም ጨንቻና ዲታ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ነገ ላይገኝ ይችላል። በተቃራኒው መንገድ የሄደ ሥራም አለ፦ ጁዲት ኦልምስቴድ በ1997 ያሳተመችው መጽሐፍ የጋሞ ደጋ ገጠር መሪ የነበሩትን የአንዲት ሴት፣ የጭማቴ ጩምባሎን ሕይወት ከነስማቸው ይተርካል። ስለ «ጋሞ ሴት» ከሚነገረው አጠቃላይ ወሬ ሁሉ በላይ ስለ ጋሞ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ አንዲት ሴት ምን እንደወሰነች፣ ምን እንደከፈለች ስለሚናገር።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው፤ ለመሥራትም ውድ አይደለም። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች አሉት። የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መዋቅር እስከ ቀበሌ ይደርሳል። የ2011 ዓ.ም. ፎቶዎች ታትመው፣ ከተማው ውስጥና ደጋው ላይ ለሚያውቁ ሰዎች ይታዩ፤ እያንዳንዱ ፊት ከነአባት ስሙ፣ ከነቀበሌው ይመዝገብ። በፍራንክፈርት ያሉት ምስሎችም እንዲሁ ወደየመንደራቸው ይሂዱ። ሆቴሎች የሰቀሉትን ፎቶ ባለቤት ይፈልጉ፤ ሲያገኙ ስሙን ይጻፉ፣ ፈቃዱንም ይጠይቁ። ሰው በሁለት መንገድ ከተለየ ሁለቱም ይጻፍ፤ ካልታወቀ «አልታወቀም» ተብሎ ቀኑ ይቀመጥ፣ የሚቀጥለው ጠያቂ ከየት እንደሚጀምር ያውቅ ዘንድ። ለማድመቅ ተብሎ የማንም ጀግና ስም አይለጠፍ።

ከተጠየቁት አባቶች አንዱ «ስሜን አትጻፉ» ቢሉ ደግሞ አይጻፍ። ያ የእሳቸው ውሳኔ ነው። እስከ ዛሬ ግን ይህን እንዲወስኑ የጠየቃቸው የለም።